የቀኙ ዳዶ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ የመኪናዬን የጎማ አላይመንት አሠርቼ ከጋራዡ በር እንደወጣሁ፣ የሠራልኝ ወጣት መፍቻውን እንደያዘ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ። «ይቅርታ አባባ፣ የአንደኛውን ጎማ ዘንግ ዳዶ ማጥበቄን እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዴ ይመለሱልኝ» አለኝ። አሠሪው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ወጣቱን ትክ ብዬ አየሁት።

እኔ በሱ ዕድሜ ቡሬ ነበርኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ወደ ሽንዲ ሰው የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ስለከረመ መሪዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። የፊት ጎማዎቿን በመዳፌ ዳሰስኩ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ስሄድ ይለሰልሳል፣ ስመለስ እጅ ይቧጭራል። ጎማ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ በዚያ ይታወቃል። ያኔ ኮምፒውተር የት አለና! ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ የጥጥ ክር ወጠርኩ፤ መሪውን ከጎማዎቹ የሚያገናኙትን ሁለት ዘንጎች እያዞርኩ አስተካከልኩ። የቀረኝ ዘንጎቹን ቆልፈው የሚይዙትን ዳዶዎች ማጥበቅ ነው። የግራውን አጠበቅሁ። ቀኙ ላይ መፍቻዬን እንዳስገባሁ የአያ ደሴ ባለቤት ምሳ ይዘው መጡ። እጄ ግሪስ ነው ብላቸው መች ይሰማሉ? እዚያው ቁጭ አድርገው ያጎርሱኝ ጀመር። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ተሳፋሪው መጣ።

ጋቢና ውስጥ በአያ ደሴና በእኔ መካከል ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ወደ ወላጆቿ የምትሄድ አራስ ተቀመጠች። ትኩሱን ድፎ ዳቦ እሷ አቀፈች፣ ሕፃኑን እኔ።

መኪናዋ ቀጥ አለች። አያ ደሴ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ለሴትየዋ አሳዩዋት። «አየሽልኝ? የወንድሜ ልጅ ነው። እጁ ይባረክ» አሉ።

መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ በመስኮት እየገባ ያስነጥሰናል። የሕፃኑን መጠቅለያ ላስተካክል ስል ጥፍሬ ሥር ያለውን ግሪስ አየሁ። ክው አልኩ። ቀኙን አላጠበቅሁትም።

ልናገር አልኩ፤ ገና አሁን እኮ ነው የመረቁኝ። ምናልባት አጥብቄው ይሆናል አልኩ ደግሞ። አንድ መንደር አለፍን። ሁለተኛውንም አለፍን። ዘንጉ ላልቶ ከወጣ ጎማው ወዳሻው ነው የሚዞረው፤ እሱም እኔው እግር ሥር ነው ያለው። ሕፃኑ ጣቴን ጨብጦ ተኝቷል። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ መሪው በእጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከታች እህል የጫነ መኪና እያቃሰተ ይወጣል።

«አያ፣ ይቁሙልኝ» አልኩ።

«ሽንትህ ነው? ድልድዩን እንሻገርና።»

«አይደለም። የቀኙን ዳዶ አላጠበቅሁትም።»

እናትየዋ ዳቦውን ጥላ ልጇን ከእጄ ነጠቀችኝ። አያ ደሴ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ረግጠው ዳር አስያዟት። ጎማውን ድንጋይ አስደግፌ ከሥር ገባሁ። ዳዶው በጣት ይዞራል። አጥብቄ ስወጣ ከጀርባዬ ላይ አቧራውን አራገፉልኝና፣ «መቼ ነው ትዝ ያለህ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሁን» አልኳቸው።

«ተመስገን» ብለው ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

የፍኖተ ሰላሙ ወጣት ከመኪናዬ ሥር ወጣ። ዳዶው ጠብቆ ነበር። «በከንቱ አደከምኩዎት» አለ እያፈረ።

«መቼ ነው ትዝ ያለህ?» አልኩት።

ጥያቄው ግራ ገባው። «ልክ ከበሩ ሲወጡ» አለኝ።

ግንባሩን ሳምኩት። አያ ደሴ ካረፉ ቆይተዋል። «አሁን» ያልኳቸውን አምነው ነው የሄዱት።