ሶፊያና የጓሯችን ጥድ

ልጅ እያለሁ ጥቅምት መግባቱን የማውቀው ከጓሯችን ጥድ ሥር ነበር። አሰላ ዝናቡ ቆሞ ውርጩ ሲጀምር፣ እንደ መርፌ የቀጠነው ቅጠሉ ከውስጥ በኩል ቡናማ እየሆነ ይረግፍና መሬቱን ይሸፍነዋል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ የሙጫው ሽታ ይቀበለናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ባዶ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠን ከዳገቱ እስከ አጥሩ እንንሸራተትበታለን፤ እማዬ ደግሞ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ በላምባ እያሸች ትቆጣኛለች።

አራተኛ ክፍል ስገባ የአክስቴ ልጅ ሶፊያ እኛ ጋ ሆና እንድትማር ከአቦምሳ መጣች። እኩያዬ ብትሆንም ዝምተኛ ነበረች። አባባን ቀና ብላ አታየውም። ደብተሯን አስቀምጣ ጥዱ ሥር ትቀመጣለች፤ "መቼ ነው የምመለሰው?" ከማለት በቀር ብዙ አታወራም።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ ከወትሮው በዝቶ ጠወለገ። ሶፊያ ደነገጠች። እነሱ አገር ዛፍ እንዲህ ከሆነ ድርቅ መትቶታል ማለት ነው። "ሁሌም እንዲህ ያደርገዋል" ብላትም አላመነችኝም፤ ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ ሳይቀር ታጠጣው ጀመር። ይባስ ብሎ አንድ ጎረቤታችን አባባን "ይሄ ዛፍ አልቆለታል፤ ቤታችሁ ላይ ሳይወድቅ አስቆርጠው" አሉት። ቅዳሜ ጠዋት ቱፋ የሚባለው እንጨት ቆራጭ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

ሶፊያ የለችም። ስንፈልጋት እማዬ ወደ ጥዱ ላይ አየችና ጮኸች፤ "አንቺ ልጅ! ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!"

ሶፊያ ግን ወደ ጫፉ መውጣቷን ቀጠለች። አንድ ቅርንጫፍ ሰብራ በጥርሷ ነክሳ ስትወርድ ጉንጯ ተቧጥሮ፣ ፀጉሯ ቅጠል ለብሶ ነበር። ቀጥታ አባባ ፊት ቆመች።

"አባባ፣ የደረቀው ውስጡ ብቻ ነው። ጫፉን ይዩት፣ አዲስ አውጥቷል።"

አባባ ለምለሙን ጫፍ አገላብጦ አየና ለቱፋ ሰጠው። ቱፋ በጣቱ አጠፍ አደረገው፤ አልተሰበረም።

"ጂራ! አለ እኮ፣ ነፍስ አለው!" አለ እየሳቀ።

"እንግዲያው መጥረቢያህን አስቀምጥና ቁርስ እንብላ" አለው አባባ።

ከቁርስ በኋላ እኔ፣ ወንድሜና ሶፊያ አንድ ማዳበሪያ ላይ ተደራርበን ተንሸራተትን፤ አጥሩ ሥር ተገለበጥን። ሶፊያ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መመለሷንም መጠየቅ ተወች፤ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ አብራን ኖረች።

ዛሬ ጓሮው የለም። አባባ ካረፈ በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞ ከፊቱ ባጃጆች ይሰለፋሉ። ሶፊያ አቦምሳ አስተማሪ ናት። አምና ልጇ አሰላ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ደወለችልኝ።

"ዶርም ታድራለች። እንዳትቸገሪ ብዬ ነው" አለች።

"እናትሽስ እንዳትቸገሩ ብላን ነበር?" አልኳት።

አሁን ልጅቷ ቅዳሜና እሁድ እዚሁ አሰላ እኛ ጋ ታድራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ነይ ከማለቴ በፊት ባለቤቴን አማክሬያለሁ፣ ልጆቼን አስፈቅጃለሁ፣ የት እንደምትተኛም ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። እማዬ ግን ሶፊያ የመጣች ዕለት ማንንም አልጠየቀችም። ብርድ ልብሴን ገለጥ አደረገችና "ጠጋ በይላት" አለችኝ፤ በቃ።