ለሐኪም ጀርባዋን የማትሰጥ ልብ

ሚዛን ከተማ ላይ ዝናብ ሲጥል አገሩ ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ያን ዕለትም በሆስፒታሉ ክፍል መጋረጃው ተጋርዶ፣ ቆርቆሮው እየተንሿሿ፣ የእናቴ ልብ በአልትራሳውንድ ማሽኑ ውስጥ ሹው… ሹው… ይል ነበር። ደሟ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል። ዳገት ላይ ደረቷን እየያዛት እንደመጣን ረስቼ ፈዝዤ ቀረሁ፤ ያምር ነበር።

«እማማ፣ ወደ ግድግዳው ዞር ይበሉልኝ» አላት ከኋላዋ የተቀመጠው ወጣት ሐኪም።

ዞረች፤ ወዲያው ተመለሰች። በቴፒም በማሻም ከተማ መምህርት የነበረች ሴት ናት፤ ለሰው ጀርባ መስጠት ለእሷ ከስድብ አይተናነስም። ከእንግዳ ፊት ስትወጣ እንኳ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ነው። ሐኪሙ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ፊቷን ወደ እሱ እንዳዞረች ለካት። «የቫልቩ፣ ደሙ የሚያልፍበት የልብ በር፣ መጥበብ ቀላል ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም» አለን። እናቴ በደስታ ወደ ቤት የወሰደንን የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር መረቀችው።

ከገበያ ወደ ቤታችን የሚያወጣው ዳገት ላይ መቆሟ ግን አልቀረም። ደረቷን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ቡናው አብቦ እኮ ነው፣ ላሽትት ብዬ ነው» ትለኛለች። ቡና የሚያብብበት ወቅት አልነበረም።

በቀጠሮዋ ሐኪሙ ደረቷን በማዳመጫ ሰምቶ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ።

«አሁን የምሰማውና ያኔ የለካሁት አልተስማሙም» አለ። «በሩ ሲጠብ ደሙ ይፈጥናል፤ ማሽኑ የሚልከው ድምፅ ግን ደሙ በሚፈስበት አቅጣጫ ካልሄደ ፍጥነቱን አሳንሶ ነው የሚነግረን። እማማ ወደ እኔ ሲዞሩብኝ በአግድም ነው የለካሁት።»

ጨዋነቷ ሕመሟን አሳንሶት ኖሯል። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

አልጋውን ከግድግዳው አላቀቅንና እኔ በመካከል ወንበር ይዤ ገባሁ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «ይቅርታ ዶክተር፣ ጀርባዬን ሰጠሁዎት» አለች፤ ከልቧ አዝና ነበር።

ሐኪሙ ደረቷ ላይ የያዘውን መሣሪያ ቀስ እያለ አዘነበለው። ድምፁ ተለወጠ፤ ቀጭንና ችኩል ሆነ። ስክሪኑ ከጀርባዋ ስለሆነ እሷ አታየውም። እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁት፤ ቀጥሎ ሐኪሙን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። ፈራሁ። ፊቴን ማዞር ፈለግሁ፣ ግን እናቴ እያየችኝ ነበር።

«ብዙ ነው የጠበበው፣ አይደል?» አለችኝ።

ጣቶቼን ጠበቅ አደረገቻቸው።

«ቡናው እኮ አላበበም ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ እማዬ» አልኳት።