የዚዮላይት ምድጃ ጠባቂዋ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ነበር የሚሏት፤ አፏ ስለማያርፍ። ከሰጋቱራ ነዳጅ በሚያወጣ አነስተኛ ፋብሪካ ውስጥ ምድጃ ጠባቂ ናት። ሰጋቱራው አየር በሌለበት ይግልና ይተናል፤ እንፋሎቱ ዚዮላይት በሚባል ነጭ ጠጠር መሃል ሲያልፍ ወደ ነዳጅነት ይለወጣል። ነገር ግን በዓይን የማይታዩት የጠጠሩ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፤ ጠጠሩ ይጠቁርና ሥራ ያቆማል። ያን ጊዜ ተራው የእሷ ነው። አየር በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀች ጥቀርሻውን ታቃጥልለታለች፤ ጠጠሩም ነጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። አየሩ ከበዛ ግን እሳቱ ጠጠሩን ራሱን ያበላሸዋል።

ታናሽ ወንድሟ በኩላሊት ሕመም ሞተ። ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ «እታለም» እያለ ነበር የሚጠራት። እናቷ ዓይናቸው እስኪያብጥ ሲያለቅሱ እሷ ወንበር ትደረድራለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እንግዳ ትሸኛለች። አንድ ቀን እናትየው አላስችል አላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አለች። የምሯን ነበር።

ሥራ ስትመለስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀልደኛው የጥገና ሠራተኛ «ሬዲዮአችን ባትሪ ጨ...» ብሎ ጀመረና አፉን በመዳፉ ያዘ። ምንም አልመሰላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠጠሩ ጠቁሮ አየር መልቀቅ ጀመረች። የአየሩን ቫልቭ ከሚገባው በላይ ከፍታው ኖሯል፤ ሙቀቱ ሽቅብ ወጣ። አየችው። መዝጋት እንዳለባትም ታውቃለች። እጇ ግን የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የፈረቃው አለቃ ሮጦ መጥቶ ዘጋው።

«ምን ነካሽ? አላየሽም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

እጇን አገላብጣ አየችው።

ምድጃው ሲቀዘቅዝ ጠጠሩን አወጡት። ነጭ ነው፤ ላየው ሰው ደህና ይመስላል። ኬሚስቷ ሞከረችውና ራሷን ነቀነቀች። ቀዳዳዎቹ በሙቀቱ ተደርምሰዋል፤ ከእንግዲህ ምንም ቢደረግ አይመለስም። አለቃው ይጮኽብኛል ብላ ስትጠብቅ «ቤትሽ ሂጂና ዕረፊ፣ እህቴ» ብቻ አላት። የጠጠሩ ጆንያ ወደ ውጭ ሲጎተት እያየች ማዘን እንዳለባት አሰበች። አላዘነችም።

ቤት ስትደርስ እናቷ የልጃቸውን ሸሚዝ ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው በጊዜ?»

«ሥራ አበላሸሁ። እያየሁት ተቃጠለ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እማዬ።»

እናትየው ትኩር ብለው አዩዋት። ሸሚዙን አስቀመጡ፤ ጫማዋን ፈቱላት፤ ውሃ አሙቀው እግሯን ሳፋው ውስጥ ከተቱላት።

«ሙቀቱ በዛብሽ?»

«ደህና ነው» አለች። እግሯ ግን ቀልቶ ነበር። እናትየው ቀዝቃዛ ጨመሩበት።

«ድንጋይ ያልኩሽን እርሺው» አሏት ኋላ፣ እግሯን እያደረቁላት።

ዕረፍቷን ጨርሳ ስትመለስ ምድጃው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እሷን ከሁለት ሴቶች ጋር ሰጋቱራ መንፋት ላይ መደቧት። አልተከፋችም፤ ደስም አላላትም። አንደኛዋ ሴት ባሏ ተሳስቶ የአማቱን መነጽር አድርጎ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ታመመ ሲል እንደዋለ አወራች። ሁለቱ ስቀው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ወደ ወንፊታቸው ከተመለሱ በኋላ እሷ ሳቀች። ዞር ብለው አዩዋት።

«ምኑ ነው?»

«ቅድም ያልሽው» አለች፣ ወንፊቷን እየነቀነቀች።