ከመቶ ያልሆነው ሰባ አራት

አባቴ ዲላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ በጥበቃ ሠርቷል። ንባቡ ዝግ ያለ ነው፤ በቁጥር ግን አይታማም። በየሰኔው የፈተና ውጤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ተማሪው እንዳይጋፋ የሚቆመው እሱ ስለነበር፣ የትኛው ቁጥር ልጅን እንደሚያስጨፍር፣ የትኛው ደግሞ አንገት አስደፍቶ እንደሚሸኝ ከፊታቸው ላይ ተምሯል። ከሃምሳ በላይ ያመጣ ያልፋል፤ ከሃምሳ በታች ያመጣ ይወድቃል። ለእሱ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ በዚያው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ አቆምኩ። ትምህርቱ አልነበረም የከበደኝ። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። ዝናብ ሲጥል መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ተማሪው ከመምህሩ በላይ ይጮኻል፣ እኔ ጆሮዬን ይዤ ዴስክ ስር እገባለሁ። ዲላ ደግሞ ዝናቧ ብዙ ነው። በሰፈራችን "ጅሉ" የሚሉኝ ነበሩ። እናቴ ጸበል አመላልሳኛለች፤ አባቴ በበኩሉ በእሱ ቤተ ክርስቲያን አስጸልዮልኛል። ሁለቱም ምንም ስላልለወጡ አንድ ቀን ማንም ሳይናገር ነገሩ ተተወ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ብቻዬን ነው። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ስልኬ ላይ ያገኘሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የሰው ዓይን ማየት የሚከብደው፣ ወጥ ከወጥ ሲነካካ የማይበላ፣ አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ተጽፎ ነበር። ሳነብ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ መስሎኝ ዘወር አልኩ።

ቆይቶም ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚጻጻፉበት ቡድን ገባሁ። ከየአገሩ ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ አይኪው የሚሉትን የአእምሮ ልኬታቸውን ይጽፋሉ፦ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ሁለት። ኦቲስት ነኝ፣ ነገር ግን ይህን ያህል አለኝ፣ እንደማለት ነው። ገረመኝ፤ ከዚያም አማረኝ። ጅሉ ላለኝ ሰው አውጥቼ የማሳየው አንድ ነገር የሆነ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ "እኛ ዝቅተኛ ቁጥር ካላቸው ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩን" ብሎ ጻፈ። ከስሩ ብዙ ሰው የልብ ምልክት አስቀመጠለት። ካስቀመጡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በግቢያችን ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ከሰሜን የመጣ ወጣት ይኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ለልምምዱ የአእምሮ ልኬት የሚፈትነው ሰው ሲፈልግ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ አልኩት። እሱ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ዓመት ፈተናውን ስጠብቅ ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በክፍሉ ተፈተንኩ። መጀመሪያ ባለቀለም ኩቦች ገጥሜ በካርድ ላይ ያለውን ቅርጽ እንድሠራ ተጠየቅኩ። ስልኩ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ከኩቦቹ አንዱ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጧል። የተላጠው ወደ ውስጥ እንዲሆን ሳዟዙረው ሰዓቱ አለቀ። ቀጥሎ ሥዕል አሳየኝ፤ ጀሪካን የያዘች ሴት ናት።

"ምን ይጎድለዋል?"

"ጥላዋ" አልኩ። "ዛፉ ጥላ አለው፤ እሷ የላትም።"

"ሌላስ?"

"የጀሪካኑ እጀታም የለም። ግን ጥላው ይበልጣል።"

ፈገግ አለና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። የቃላት ጥያቄ ላይ ደግሞ "ምጽዋት ምንድን ነው?" አለኝ። ለማን እንደሚሰጥና መቼ እንደሆነ መልሼ ጠየቅኩት። ትክክለኛውን ቃል መርጬ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው አለፈ። አንድ ክፍል ላይ ብቻ፣ የጎደለውን ምስል ከተሰጡት መርጦ ማሟላት በሚለው ላይ፣ እስኪያልቅ አልተሳሳትኩም። እዚያ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ያን አስተያየቱን ይዤ አራት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ሰባ አራት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ስማኝ። በአንዱ ክፍል ጣሪያ ነክተሃል። ሰዓት የሚቆጠርበትና በአፍ የሚመለሰው ላይ ወለል ላይ ነህ። ሲቀላቀል እዚህ ወረደ። ፈተናው ራሱ ለዚህ አገር ሰው ታስቦ የተሠራ አይደለም። ይህ ቁጥር አንተን አይገልጽህም።"

"የማይገልጸኝ ከሆነ ለምን ጻፍከው?"

"ቅጹ ይጠይቃል።"

ሲወጣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ደጅ ተቀመጥኩ። መቶ የመካከለኛ ሰው ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባ አራት የት ላይ እንደሚውልም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ልብ ያስቀመጥኩበት መልእክት ስለ እኔ የተጻፈ ነበር።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ወረቀቱን አገኘው። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ቀስ እያለ ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከውጭ ይታየኛል።

"ሰባ አራት!" ብሎ ጮኸ። "ከዩኒቨርሲቲ ነው ይሄ?"

"አዎ" አልኩ።

"ሰማሽ? ስምንተኛን ያቋረጠ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፈትኖት አለፈ! ሰባ አራት!"

እናቴ እልል አለች። አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ልጆች ውጤት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አፌን ዘጋሁት።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በላስቲክ አሳሸገው። ለትምህርት ቤቱ መምህራን አሳየ፣ ለምእመናን አሳየ፣ ለባጃጅ ሾፌር ሳይቀር አሳየ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ጅሉ ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶች "ሰባ አራቱ፣ እንደምን አደርክ?" ይሉኝ ጀመር። ክብር ነበረበት፤ ላለመስማት መንገድ እለውጥ ነበር። ቤት ውስጥ ቃል ሲጠፋኝ፣ ወይም ሰው የነገረኝን ደግሞ እንዲነግረኝ ስጠይቅ፣ ይኸው ይሄ ነው እላለሁ በልቤ። ዱሮም ቃል ይጠፋኝ ነበር፤ ያኔ ግን ቃል ጠፋኝ ማለት ብቻ ነበር። ከቴሌግራሙ ቡድን ምንም ሳልጽፍ ወጣሁ።

እንግዲህ በመኸር ወቅት የምሠራው አሪቻ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። የታጠበው ቡና ከነቅርፊቱ በእንጨትና በሽቦ በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመን የጠቆረውን፣ የተላጠውን፣ ተባይ የበሳውን እየለቀምን እንጥላለን። አብዛኞቹ ለቃሚዎች ሴቶች ናቸው። "አንተን ያገባች ዕድለኛ ናት፣ ቤቷ ስድብ አይሰማም" እያሉ ይስቁብኛል። አልጠላውም። አምና ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ "ለከርሞ የአልጋ ኃላፊ ሳናደርግህ አንቀርም" ብሎኝ ነበር። ይህን ለአባቴ መናገሬ ነው ጥፋቴ።

"ወረቀቱን ማየት አለበት" አለ አባቴ።

"አያስፈልግም፣ አባዬ።"

"ሰው ያለውን ካላሳየ ማን ያውቅለታል?"

ሥራው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው በሚኒባስ አብረን ሄድን። አባቴ ለበዓል የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ የተማረ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው።

"አባባ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም ልጄ። ይሄን እየው። ዩኒቨርሲቲ ነው የፈተነው። ሰባ አራት!"

ሥራ አስኪያጁ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ከታች ቁጥሩ ከመካከለኛ በታች መሆኑን በእንግሊዝኛ የምትናገር አንዲት መስመር አለች፤ እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ።

"ጎበዝ ነው" አለ። ለሕፃን በሚባልበት ድምፅ ነው ያለው። "ጥሩ ልጅ ነው። እናየዋለን አባባ።"

አባቴ እየመረቀው ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ እኔን በእጁ ምልክት አስቀረኝ።

"አባትህ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ አይደል?"

"አያውቅም።"

"አንተስ?"

"አውቃለሁ።"

ወረቀቱን መለሰልኝ። "ለቀማ ላይ እንዳንተ ያለ ሰው የለኝም። እዚያው ብትሆን ይሻልሃል። ኃላፊ ከሆንክ ሰው ታዛለህ፣ ትጨቃጨቃለህ። ለአንተው ብዬ ነው።"

"አምና ይሆናል ብለውኝ ነበር።"

"አምና አላወቅኩማ።"

አምና መኸሩን በሙሉ ሲያየኝ ከርሟል። ያላወቀው ምን እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ቃሉን ሳደራጅ፣ ስልኩ ጮኸና አነሳው።

ስንመለስ አባቴ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። "እናየዋለን አለ እኮ። አይተው ነው የሚሾሙት" ይላል። ወናጎ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ቆመ። ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ ስላለ ነው መሰለኝ የተናገርኩት።

"አባዬ፣ ቁጥሩ ከመቶ አይደለም።"

"ከስንት ነው?"

"ከምንም አይደለም። ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚያስተያይህ። መካከለኛው ሰው መቶ ነው።"

"መቶ... መካከለኛ ነው?"

"አዎ።"

ኮቱን አስተካከለ። ሰባ አራትን ከመቶ በታች አድርጎ ሲያስቀምጠው፣ ከዚያም ሦስቱን ሳምንት ወደኋላ ሲሄድበት አየሁት። መምህራኑን፣ ምእመናኑን፣ የባጃጅ ሾፌሩን።

"ያ ሰውዬ ማነው?" አለ በመጨረሻ። "መካከለኛው።"

"አላውቅም። እዚህ አገር ያለ አይደለም።"

"አይቶሃል?"

"አላየኝም።"

"ቡና መልቀም ይችላል?"

ሚኒባሱ ተነሣ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ፊቱን ሳይመልስ "ለምን ዝም አልከኝ?" አለ።

"ደስ ብሎህ ነበር።"

ዲላ ስንደርስ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አጣጥፎ ከእኔ ቀድሞ ወረደ።

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። ስለ እኔ ለሰው መናገሩን ግን ተወ፤ ክፉም ደግም። ጎረቤት ሲጠይቀው "ደህና ነው" ብሎ ወሬ ይለውጣል። ጎረቤቶቹ "ሰባ አራቱ" ማለታቸውም ቀስ በቀስ ቀረ፤ ከሰፈሩ አንዱ ነገሩን አጣርቶ ሳይሆን አይቀርም። የዱሮው ስሜ ተመለሰልኝ። ዱሮ ስሰማው ተሳስተዋል እል ነበር። አሁን እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። ተከራዩ ትክክለኛውን ነገር ነግሮኛል፤ ጣሪያውንም ወለሉንም። አምነዋለሁም። ነገር ግን በሌላ ወረቀት ላይ መቶ ሠላሳ ቢጻፍልኝ ኖሮ ፈተናው ለዚህ አገር ሰው አልተሠራም ብዬ የምከራከር አልነበርኩም።

ሥራ ተጀመረ። እኔም ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ከፊት ለፊቴ የምትለቅመው ሴት አንዲት ፍሬ አንሥታ አሳየችኝ። ሦስት መኸር አብረን ቆመናል፤ ስትጠራጠር የምትጠይቀው እኔን ነው።

"ይሄ ይጣል ወይስ ይቅር?"

አየሁት። ላዩ ላይ የውኃ ምልክት ነበረበት፤ ውስጡ ጤነኛ ነው። ይቅር ልል ከንፈሬን ሳላቅቅ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ የሚል ነገር መጣብኝ። ተቀብዬ ገልብጬ አየሁት። እንደገና ገለበጥኩት።

"አላውቅም" አልኳት። "ሌላ ሰው ጠይቂ።"

"አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል?" ብላ ሳቀች። አሁንም ሳገላብጠው አይታ ፍሬውን ከእጄ ወስዳ ከአልጋው በታች ጣለችው።

ጥሩ ቡና ነበር።