ለኮርሳ የተደረበ ጎማ

«አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ ጎማ ልትነፋ መጣች?» አሉኝ ሀጂ አህመዴ ፊት ለፊት፣ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ። ጭሮ ገበያው ዳር ባለችው የብስክሌት መጠገኛቸው ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ።

«ማትሪክ አልመጣልኝም። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም» አልኳቸው።

«ወላሂ እውነቷን ነው» አሉና አንድ የተበሳ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ወረወሩልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እሱ ነበር። ከመነዳሪውን ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ መድፈቅ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ መያዝ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ማስቲሽ ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ። መጠበቁን አልቻልኩበትም። ማስቲሹ ሳይደርቅ ለጠፍኩትና አየር ሲገባው ተላጦ ወደቀ። ሀጂ ሳቁ። «ኢንተላ» አሉኝ፣ ልጅት ማለታቸው ነው፣ «ማን እያባረረሽ ነው?»

ለብዙ ጊዜ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነበር የምሠራው። አብረውኝ የተማሩት በዚያ ያልፋሉ። ወደ ሂርና የሚወጡት ጫት ነጋዴዎችም መኪና ሲጠብቁ ሥራቸው እኔ ነበርኩ። «ጎሚስታዋ፣ የኔም ልብ ተበስቷል፤ ለጥፊልኝ» ይለኛል አንዱ። «መጀመሪያ አፍህን ልለጥፈው» እለዋለሁ። ጓደኞቹ ይስቁበታል። እኔ ግን ፊቴ እንደጋለ ይውላል።

በሁለተኛው ዓመት ሀጂ ብረታ ብረቱን ያዙና ጎማውን ለእኔ ተዉት። መለጠፍ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ጎማ ለማን እንደሚሆን የምመክረው እኔ ሆንኩ። ሸቀጡ የሚመጣው ከድሬዳዋ ነው፤ ያውም ኬላው ላይ ከቀናው። ለሸክም ብስክሌት የሚሆነው ሰፊ ጎማ እሾህ አይፈራም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ኮርሳ፣ ማለት ባለ ቀጭን ጎማው ብስክሌት፣ ሹካው ውስጥ አያስገባውም። ርካሹ የኮርሳ ጎማ ደግሞ ቀላል ነው፣ ዳገት ያወጣል፤ የግራር እሾህ ግን እንደ ቅቤ ይገባበታል። ሸራው ወፍራም የሆነ የኮርሳ ጎማም አልፎ አልፎ ይመጣል። እሱ ውድ ነው።

ጋሽ ዘለቀ የመጡት ያኔ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። አሁን የሚያስተምሩት ወደ አሰቦት በሚወርደው መንገድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት በኮርሳቸው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ማታ ዳገቱን ይወጣሉ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እሾህ ይወጋባቸዋል።

«ሰናይት» አሉኝ፣ «ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ደግሜ ካረፈድኩ ሩቅ ቦኬ ድረስ ሊያስዛውረኝ ነው። ባለቤቴ ደግሞ እዚህ ሆስፒታል ተመላላሽ ናት። እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ? ርካሽ ሆኖ እሾህ የማይበሳው ስጪኝ።»

ባለ ወፍራም ሸራውን አወረድኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉትና ቦታው መለሱት። ዋጋው እንደከበዳቸው ገባኝ።

«ይደረብልዎ» አልኩ። የአሮጌ ጎማ ዳርና ዳሩን ቆርጦ መሐሉን እንደ ቀበቶ በጎማው ውስጥ ማንጠፍ ማለት ነው። ለሸክም ብስክሌት ሁልጊዜ እንሠራዋለን።

«ለኮርሳስ አላየሁም» አሉ ሀጂ ከወዲያ። «ይሆን ይሆናል። አላህ ያውቃል።»

የኋላውን ጎማ ሠራሁት። ነፋሁት። ረጅም የግራር እሾህ በፒንሳ ይዤ ጋሽ ዘለቀ ፊት ወጋሁት፤ እሾሁ መሐሉ ላይ ተሰበረ። «ባልጩት ላይ ቢነዱት አይሰማውም» ብዬ ፎከርኩ። «አስተማሪሽን አኮራሽ» አሉኝ። የዚያን ቀን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሳምንት ሙሉ እሾህ አልነካቸውም። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ከመነዳሪውን በጨርቅ ቦርሳ ይዘው መጡ። ስንዝር ያህል ተቀዷል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ እሾህ አይሠራውም። የኮርሳ ጎማ ጠንክሮ መነፋት አለበት፤ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ የደረብኩት ቁራጭ መንጠፊያ አላገኘም፤ ዳሩ ሲፈገፍግ ሰንብቶ ከመነዳሪውን እንደ ቢላዋ ቀደደው። እናንተ ጎማ የምትሠሩ፣ ድርብ ለሰፊ ጎማ ነው። ባለ ኮርሳ አቅም ካነሰው ባለ ወፍራም ሸራውን አንዱን ብቻ ይግዛና ለኋላ ያድርገው፤ የሰው ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህን ያወቅሁት በሰው ጉዳት ነው።

ጋሽ ዘለቀ ብስክሌቱን ተሸክመው ትምህርት ቤት ደርሰው፣ እዚያው ትተውት በጭነት መኪና ነበር የተመለሱት።

«አረፈዱ?» አልኳቸው።

«ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ነበር።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሀጂ ባለ ወፍራም ሸራውን ከማንጠልጠያው አወረዱና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ነገ ሄደሽ ግጠሚለት። ስማችን ነው።»

በነጋታው ጎማ፣ አዲስ ከመነዳሪና ፖምፓ ይዤ በጭነት መኪና ወረድኩ። ስደርስ ተማሪዎቹ ባንዲራው ዙሪያ ተሰልፈዋል፤ መምህራኑ ከፊት ቆመዋል። ብስክሌቱ ግድግዳው ሥር ነበር። በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ እችል ነበር። እኔ ግን በሰልፉ መሐል አልፌ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ።

«እኔ ጎሚስታ ነኝ» አልኩት። «ጋሽ ዘለቀ ትናንት ያረፈዱት በእኔ ጥፋት ነው። በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደርቤላቸው ከመነዳሪውን ቀደደባቸው። እሳቸውን አይቅጧቸው።»

ዳይሬክተሩ እጄን አየ። ቀጥሎ ጋሽ ዘለቀን አየ።

«መምህር ዘለቀ፣ ትናንት ‹ባለቤቴ ሌሊት ብሶባት ሆስፒታል አስተኝቼ መጣሁ› አላሉኝም?»

ጋሽ ዘለቀ ወደ ብስክሌታቸው ዞሩ።

«አዝኜ እኮ ነው የተውኩት። ጎማ ነው እንዴ?» አለ ዳይሬክተሩ።

ከሰልፉ መሐል አንድ ልጅ «ቁራጭ ጎማ» አለ። ሌላው ተቀበለው። ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ። ዳይሬክተሩ ዝም አላሰኛቸውም። «ቢሮ እንገናኝ» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሽ ዘለቀ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ማን ላከሽ?»

«ጎማውን የላኩት ሀጂ ናቸው። የተናገርኩት ግን በራሴ ነው።»

«መቼ ነው መጠበቅ የምትችዪው አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ሳይጠይቁኝ ስመልስ ይሉኝ የነበረው በዚሁ ድምፅ ነው።

ግድግዳው ሥር ተንበርክኬ የኋላውን ጎማ አወለቅሁ። ተማሪዎቹ ክፍል ሲገቡ እየዞሩ ያዩኛል። ቁራጩን አወጣሁ፣ አዲሱን ከመነዳሪ አስገባሁ፣ ጎማውን ቸርኬው ላይ አስቀመጥኩ፣ ነፋሁ። ፖምፓው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

ጋሽ ዘለቀ ከቢሮ ወጡ። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቦኬ ድረስ ያደርሰኛል።»

«ባለቤትዎስ?»

ዞር ብለው የክፍላቸውን በር ከፍተው ገቡ፤ ልጆቹ ሲነሡ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ። ፖምፓዬን አንሥቼ፣ ቁራጩን ጎማ በብብቴ ይዤ፣ በበሩ ወጣሁና ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩ።