የእትየ ዘሐራ መርዶ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርሁ ይህችን ዘልያት አልፋለሁ፤ የሚሉኝን አውቀዋለኋ! «መጀመሪያ ሄደህ ከሰውየው ታረቅ» ነው የሚሉኝ። እርስዎ ግን አያውቁኝም፤ ሂድ ብለውም አይገፉኝም። ለዚህ ነው ለእርስዎ የምናገረው። ፈሪነቴን ከዚሁ ጀምረው ይወቁልኝ።

ዛሬ ጠዋት ከፋሲሎ ሰፈር፣ ከቤቴ ተነሥቸ ሐይቁ ዳር ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ተመለስሁ። ደግሞ ሄድሁ። ቁርስ ቀርቦልኝ አንድ ጎርሸ ተነሣሁ። ሚስቴ «ምን ቆንጥጦሃል?» አለችኝ። ነገ እርቅ አለ፤ ሽማግሌ ሆኘ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የሚታረቁት ጓደኛየ ኑሩና እኅቱ ሰዓዳ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ጣና ላይ ዓሣ አጥምደው የሚያድሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ሥጋ አንበላላም ነበር። ዓሣን ግን በማን ስም ታረደ ብሎ የሚጠይቅ የለምና፣ ከእናታቸው ከእትየ ዘሐራ ገበታ እየበላሁ አደግሁ። አጥንቱን እየለቀመች ታጎርሰኛለች። «የቄስ ልጅ ጉሮሮው ነገ ለቅዳሴ ይፈለጋል» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አዎ፣ ይህን ጉሮሮ እሷ ናት የጠበቀችው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን እኔና ኑሩ የሐይቅና የዓሣ ሀብት ልናጠና ለአንድ ዓመት ወደ ስፔን፣ ወደ ቫሌንሲያ ተላክን። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቅ አለ፤ ዳር ዳሩን እንደ እኛ አገሩ ይፋግ ሩዝ ይዘራበታል። ኑሩ እዚያ ካሉት አሥጋሪዎች ጋር እየዋለ ቋንቋውን እንደ ውኃ ጠጣው። እኔ ከ«ግራሲያስ»፣ ከ«አመሰግናለሁ» አላልፍም። ሐኪም ቤትም፣ ሱቅም፣ ክፍል ውስጥም አፌ እሱ ነበር። አንድ ቀን ሰልችቶት አያውቅም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰዓዳ ደወለችልኝ። «እናታችን ዐረፈች፤ ቀብረናታል» አለችኝ። «ኑሩ በስልክ እንዳይሰማ። ባዳ አገር ነው፣ ብቻውን ይሆንብናል። አንተ ወንድሙ ነህ፤ በማለዳ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለህ አርዳው።»

«እሽ» አልሁ። አለቀስሁም። እንባየ የእውነት ነበር፤ ይህን ቢያምኑኝም ባያምኑኝም።

አላረዳሁትም። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቸ አጠገቡ ቁጭ አልሁ፤ ሻይ ቀዳልኝ፤ ጠጥቸ ተነሣሁ። ለምን? የጥናታችን ማቅረቢያ ቀን ተቃርቦ ነበር። ሁለታችንም በአንድነት፣ በመምህራኑ ፊት፣ በስፓኒሽ ማቅረብ አለብን። ብነግረው በዚያው ቀን አውሮፕላን ፈልጎ ይሄዳል። እኔ ብቻየን ቆሜ ምን ልል? ወድቄ፣ ባዶ እጄን፣ አባቴ ፊት ልቆም? ይኸው ነው። የእናቱን ሞት ከትምህርቴ ጋር መዘንሁት፤ ትምህርቴ ደፋ። ከማቅረቢያው በኋላ እነግረዋለሁ፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አልሁ።

ሰዓዳ ደግማ ደወለች። «ነገርኸው?»

«ነግሬዋለሁ።»

«እንዴት ሆነ?»

«አፉ ተሳስሯል፣ መናገር አልቻለም። ራሱ እስኪደውል አትደውሉለት።»

እንዲህ አልሁ። በዚያ ሰሞን በአገር ቤት ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበርና ኑሩ የቤቱ ዝምታ ብዙ አላስደነገጠውም። የእናቱ ስልክ ዝግ ሲሆንበት ለሰዓዳ ልደውል አለ። «ተወው፣ ትናንት አግኝቻታለሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው» አልሁት። ደህና ናቸው አልሁት! እሱም በየሶላቱ የእናቱ ጉልበት ይሻላት ዘንድ ዱዓ ያደርግ ነበር። እትየ ዘሐራን ጉልበቷ ያማት ነበርና ከፋርማሲ የጉልበት ማሰሪያ ገዛላት። ከእሷ ጋር በቁመት ትመሳሰላላችሁ ብሎ ልኩን በኔ ጉልበት ለካው። እግሬን ዘርግቸ አስለካሁ። እንቢ አላልሁም።

የማቅረቢያው ቀን መጣ። ስላይዱን የምነካው እኔ፣ የሚናገረው እሱ። መጀመሪያ ላይ እትየ ዘሐራ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ መረብ ስትጠግን የሚያሳይ ፎቶ አስገብቶ ኖሯል። በዚያች በደካማ ስፓኒሼ እንኳ የተናገረው ገባኝ። እናቴ ናት፣ ዓሣን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ስመለስ ይህን ሁሉ ለእሷ ነው የምነግራት አለ። መምህራኑ ፈገግ አሉ። እኔ ጣቴ ላፕቶፑ ላይ ነበር፤ ፎቶውን ቶሎ አሳለፍሁት። «ቆይ፣ መልሰው» አለኝ። መለስሁት።

አለፍን። ተጨበጨበልን።

በማግስቱ ማለዳ አረዳሁት። «አሁን ተደውሎልኝ ነው» አልሁት። መቼ እንደሞተች ሲጠይቀኝ ደግሞ «እንዳትደነግጥ ብለው እስካሁን ደብቀውን ኖሯል» ብየ በደሌን ቤተሰቡ ላይ አላከክሁት። አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለኝ። ከዚያ ለሰዓዳ ደወለ። እሷ እኮ ወንድሟ ከሰማ ሰንብቷል ብላ ነው የምታውቀው። ለቅሶው ሲያልፍ፣ ሰደቃው ሲወጣ ድምፁን ስትጠብቅ ከርማለች። «አሁን ገና ትዝ አልንህ?» ብላ ዘጋችበት። እሱም ሞቱን ደብቀውኝ ጭራሽ ይቆጡኛል ብሎ አዝኖ ደግሞ አልደወለም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እሱ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራል፣ እሷ ከዚያው ፈንጠር ብላ ዓሣ ትሸጣለች፤ ሰላም አይባባሉም። ሠርጓ ላይ አልጠራችውም። እኔ ተጠርቸ በላሁ፣ ጨፈርሁ። «የእናቴን ሐዘን የተካፈልኸኝ አንተ ነህ» አለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እንዳይጠራ ስጠብቀው ኖርሁ።

ባለፈው ሳምንት ኑሩ ቤቴ መጣ። ሴት ልጁን ዘሐራ ብሏታል፤ አፍ ፈትታለች። «አክስቷን ሳታውቅ ልታድግ ነው» አለኝ። «አስታርቀን። ሰዓዳ ከሰው ሁሉ አንተን ትሰማለች። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ጥፋቱ የኔ ይሁን። ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።» ሰዓዳንም ጠየቅኋት። «አንተ ካልህ ይሁን» አለች።

አንተ ካልህ! ምን ልበል? ልጅ ነበርሁ ልበል? ባዳ አገር፣ መርዶ የሚያረዳ ሰው የምሰበስብበት አጥቸ ነው ልበል? ይህን ሁሉ ስል ከርሜያለሁ፤ ለራሴም አላዋጣኝም። ይቅር በሉኝ ማለትም ለእርስዎ አይደለም፤ እርስዎን አልበደልሁም። ነገ ተናግሬ እሱንም እሷንም ላጣ እችላለሁ። ዝም ካልሁ ግን ያልበደለው ሰው ይወድቃል፣ እኔም ከላይ ተቀምጨ እመርቃለሁ።

ዛሬ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ መርጨ አምጥቻለሁ። ሚስቴ «ይህ ደግሞ ለምንህ ነው?» አለችኝ። በሩ ሥር ተቀምጧል፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ልኩን በኔ ትከሻ ለክቸዋለሁ።