አዲስ ይውጣላት

የእትዬ ዶሴ ቀኝ እጅ የተሰበረው ረቡዕ ዕለት፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግድግዳው ማዶ ነበርኩ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። በድንገተኛ ክፍል ነርስነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በጩቤ የተወጋ፣ በጠርሙስ የተፈነከተ፣ በድንጋይ የተቀጠቀጠ ሰው ሳይ ውዬ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ። ያ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ዶሴ ያልናት እኛ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነን። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ኃላፊም ሠራተኛም እሷው ናት። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን አሳድጋ ድራለች። ምላሷ አይጣል ነው። ወረፋ የሚጋፋ ሰው ካየች «አንተ፣ የታመምከው ክርንህን ነው እንዴ?» ትለዋለች፤ ሰውየው ሕመሙን ረስቶ ይስቃል። ክፍሏ ከወለል እስከ ጣራ የብረት መደርደሪያ ነው። በመደርደሪያው ላይ በአቧራ የታፈኑ ቡናማ ማኅደሮች አሉ፤ ከታች ያሉትን አይጥ በልቷቸዋል። በኔና በሷ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ካርድ የምታቀብልበት ትንሽ መስኮት ተከፍቷል፤ ስለዚህ የምናገረው የሰው ወሬ ሳይሆን ራሴ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

የእትዬ ዶሴ ዝና ፍጥነቷ ነበር። በሌላ ሆስፒታል ሰው ካርድ እስኪወጣለት ግማሽ ቀን ይገተራል፤ የኛ ወረፋ ግን ሳይቆም ይሄድ ነበር። ምስጢሩን ሁላችንም እናውቃለን። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ካርዱ ወዲያው ይወጣለታል። ቁራጩ የጠፋበትን በስም መፈለግ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ እትዬ ዶሴ አንገቷን ሳታቀና «አዲስ ይውጣላት» ትላለች፤ ነጭ ካርድ ትስባለች፣ ስም ትጽፋለች፣ ማኅተም ትመታለች፤ ቀጥላም «ተረኛ!» ትላለች። ለዚህ ቅልጥፍናዋ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብላ የግድግዳ ሰዓት ተሸልማለች፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አዲስ ካርድ ግን ትናንት የሌለው ሰው ነው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ይጠፋል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እንደገና ፔኒሲሊን ይወጋል። አንድ ቀን ይህንን ብነግራት «አንተ ቁስልህን እጠብ» አለችኝ። አጠብኩ።

ከዚያ የካርዱን ጽሑፍ ሁሉ በኮምፒውተር የሚይዘው ሲስተም መጣ። እትዬ ዶሴ ኮምፒውተሩን የጠላችው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ነው። ሊገጥም የመጣውን መላጣ ባለሙያ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ይሄ ዕቃ ዓይን ብቻ ሳይሆን ፀጉርም ይጨርሳል ማለት ነው» አለችው። ብትጠላውም ግን አልለገመችም። ሰባት ወር ሙሉ የቆዩትን ካርዶች እየመዘዘች፣ በአንድ ጣት ፊደል እንደ ዶሮ እየለቀመች አስገባች። እኔ በበኩሌ በሁለተኛው ሳምንት ወደድኩት። የላቦራቶሪ ውጤት እየሮጥኩ ማምጣት ቀረልኝ፤ ስክሪኔ ላይ ይመጣል። የማይስማማው መድኃኒት ያለበት ሰው ሲሆን ቀይ መስመር ይወጣል። አንድ ራሱን የሳተ ሽማግሌ ማንም ሳያውቀው መጥቶ፣ የልብ መድኃኒት እንደሚወስድ ከሲስተሙ አንብበን ተርፏል።

ሲስተሙ አንድ አመል ነበረው። የተመዘገበውን የሚመስል ሰው ሲገባ ቢጫ ሳጥን ያወጣና «ይህ ሰው ከዚህ በፊት የተመዘገበ ይመስላል። አንድ ሰው ናቸው?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይደሉም» አለ። «አዎ» ከተባለ መረጃውን መስመር በመስመር አመሳክሪ ይላል። እትዬ ዶሴ ለዚህ ትዕግሥት የላትም። ሳጥኑ በወጣ ቁጥር «አይደሉም፣ አይደሉም፣ ኧረ ልቀቀኝ!» እያለች ትነካዋለች። ለሰባት ወር እንደዚያ ነው ያደረገችው።

ያን ረቡዕ አንድ በያጅ ሚስቱን ይዞ መጣ። እጁ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ የሞላበት፣ አንገተ ደንዳና ሰው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። ክንዷ ላይ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ቃጠሎ አለ፤ ጎንበስ ብላ በግራ እጇ ጎኗን ይዛለች።

«ትኩስ ብረት ነክታ ነው» አለ በያጁ። «ካርዷ ጠፍቷል። አዲስ አውጪላት።»

ቃሉን ከራሷ ከእትዬ ዶሴ በላይ ያውቀዋል። እትዬ ዶሴ ስም ለቀመች፣ ዕድሜ ለቀመች፣ የተጠሪ ስልክ ለቀመች። ቢጫው ሳጥን ወጣ። ጣቷ ወደ «አይደሉም» ሄዶ አየር ላይ ቀረ። እንደወትሮው አንድ ወይም ሁለት ሳይሆን አምስት ካርድ ነው የተደረደረው። በአምስቱም ላይ ተጠሪው ባል ነው፤ በአምስቱም ላይ ስልኩ አንድ ነው። በተለያየ ቀን ያስገባቻቸው እሷ ራሷ ናት፤ ወረቀቱንም የጻፈችው እሷው ናት።

ያን ጊዜ አንገቷን አቀናች። ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ እያየቻት ነበር። እትዬ ዶሴ «አዎ»ን ነካች፤ መስመር በመስመር አመሳከረች። ከዚያ ትንሿን መስኮት በቡጢ መታችና «ስክሪንህን እይ። አሁኑኑ!» አለችኝ። ያን ድምፅ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

አየሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከደረጃ ወድቃ የግራ ክንድ ስብራት። ቁም ሳጥን ወድቆባት ሁለት የጎድን አጥንት። በር መትቷት የመንጋጋ ስብራት። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት የአራት ወር ጽንስ ውርጃ። እንደገና ከደረጃ ወድቃ የጭንቅላት ምት፣ ራስ መሳት። በሁለቱ ላይ ቁስሉን አጥቦ በፋሻ ያሰረው ነርስ ፊርማ የኔ ነው። አላስታወስኳትም። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው።

ባልና ሚስቱ ወደኛ ክፍል ሲገቡ ተረኛዋ ሐኪም ክንዷን ብቻ አይታ የቃጠሎ ቅባት ልታዝ እስክሪብቶ አንስታ ነበር። ስክሪኑን ሳሳያት አስቀመጠችው። በያጁን «ለመርፌ ነው፤ ውጭ ይጠብቁ» ብላ አስወጣችውና ልብስ ሰፊዋን አጋደመቻት። ቀሚሷን ስንገልጥ ግራ ጎኗ ላይ የጫማ ሶል ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሶሉን ጥርስ መቁጠር ይቻል ነበር። ሐኪሟ ጣቷን ስታሳርፍ ሴትየዋ ጮኸች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሆዷ ደም ሞልቷል፤ ጣፊያዋ ተቀዷል። በቅባት ብንሸኛት ኖሮ ቀኑን አትጨርሰውም ነበር።

አልጋውን እየገፋን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስንሮጥ በያጁ መንገድ ዘጋ። «ወዴት ነው? ሚስቴን ይዤ እሄዳለሁ!» ሐኪሟ ንዴት አሸነፋትና «ይሄ ስድስተኛ ካርዷ ነው፣ አይደል?» አለችው። ባትለው ይሻል ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞረና ወደ ካርድ ክፍል ሄደ። እግረ መንገዱን የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ብረት ከነእግሩ አነሳ።

አልጋውን አስረክቤ ወደ ክፍሌ ስመለስ በያጁ ገና እትዬ ዶሴ በር ላይ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግማሹን በትንሿ መስኮት አይቻለሁ። የበሩን መስታወት በአንድ ምት አረገፈው። እትዬ ዶሴ አምስቱን ማኅደሮች ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው ነበር።

«ካርዱን አምጪ አንቺ አሮጊት!»

«አይወጣም» አለች።

ብረቱን ሲያነሳ ራሷን ልትከላከል ቀኝ እጇን ዘረጋች። ያኔ ነው የሰማሁት። ሁለተኛው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ሦስተኛው አፏ ላይ። ከወንበሯ ወደቀች። በያጁ ማኅደሮቹን በጥርሱ ጭምር ቦጫጨቃቸው፤ የረገፈው መስታወት ላይ ጥሎ ረገጣቸው። ከዚያ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። አራት ጊዜ መታው፤ ስክሪኑ ተፈረካከሰ፣ ጭስ ወጣው።

«አሁን አንብቡት! አሁን ምን ልትሉ ነው?»

እትዬ ዶሴ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ደምና ሁለት ጥርሷን ተፋችና ሳቀች። «ቀጥቅጠው፣ የኔ ጀግና» አለችው። «ጽሑፉ እዚያ ውስጥ አይደለም ያለው። ለእኔም ሰሞኑን ነው የነገሩኝ።»

ብረቱን እንደገና አነሳ፤ ከዚያ ምት አትተርፍም ነበር። የሆስፒታሉ ዘበኛ ቀደመው፤ በዱላው ጉልበቱን ብሎ ጣለው። ከወደቀ በኋላ ዞሬ ገብቼ ጎኑን ሁለቴ የረገጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ግራ ጎኑን፣ መርጬ። ለፖሊስ አልተናገርኩም፤ እዚህ ልናገረው። አልጸጸትም። የረገጥኩት እሱን ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ሁለቱ ፊርማዎቼም እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ መላጣው ባለሙያ ሌላ ኮምፒውተር ገጠመ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት፤ አምስቱም ገጽ ከዋናው ማከማቻ እንዳለ መጣ፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ፖሊስ አትሞ ወሰደው። ፍርድ ቤት በያጁ «ራሷ ከደረጃ እየወደቀች ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «የምትኖሩት ምን ዓይነት ቤት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ምድር ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ደረጃ የሚባል ነገር የላትም። አሥራ ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እትዬ ዶሴ ጀግና ሆና ትቀር ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ኦፕራሲዮኑ ባለፈ በስድስተኛው ቀን በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የልብስ ሰፊዋን የቁስል ፋሻ እየቀየርኩ ነበር። እትዬ ዶሴ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ከንፈሯ አብጦ መጣችና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«እንዴት አደርሽ የኔ እናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እጅዎ እንዴት ሆነልዎ?»

«እጄን ተይው። ታውቂኛለሽ? የካርድ ክፍሏ ነኝ።»

«እንዴት አላውቅዎት?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ስድስቴ እርስዎ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ።»

እትዬ ዶሴ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ሁለተኛው ጊዜ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «እሱ ውጭ ስልክ እያወራ ብቻዬን ነበርኩ። እኔ አፍ አውጥቼ ‹መታኝ› ማለት አልችልም፤ ይገድለኛል። ሐኪሙ የፊተኛውን ካርድ ካየ ግን ራሱ ይገባዋል ብዬ አስቤ፣ መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ያንን ብቻ ነው። ‹ቁጥሩ የለኝም፤ እባክዎ በስሜ ይፈልጉልኝ› አልኩዎ።»

«ምን አልኩሽ?» አለች እትዬ ዶሴ። ምን እንዳለቻት ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ።

«‹አዲስ ይውጣላት› አሉ። ቀና ብለውም አላዩኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ የጨርቅ ልክ የምትናገር ነው የሚመስለው። «ሆዴ ውስጥ የነበረው ልጅ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።»

እትዬ ዶሴን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ጀሶዋን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ያበጠ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ ጀሶውን ያዘችው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አልለቀቀቻትም ደግሞ።

ከሦስት ወር በኋላ እትዬ ዶሴ ሥራ ገባች። ቀኝ እጇ አይታጠፍም፤ አሁን ፊደል የምትለቅመው በግራ ጣቷ ነው። ኮምፒውተሩን ዛሬም ትሰድበዋለች። ወረፋው ረዝሟል፤ ሰው ያጉረመርማል፤ አለቃችንም ስለ ፍጥነቷ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተናግሯታል። ቢጫው ሳጥን ሲወጣ ጣቷን ትሰበስባለች፤ ከዚያ በመስኮቱ አሻግራ «ቀና በይ እስቲ፣ ልይሽ» ትላለች።